የይጁቤው ቤት ዝም ሲል

ጥር 23

ክሊኒኩ ዛሬ ጭር ብሎ ዋለ። ጉንፋን፣ ጉንፋን፣ መጥረቢያ ያገኘው አንድ እግር... ከሰዓት ወጥቼ ልብስ አጠብኩ። የደብረ ማርቆስ ነፋስ ደግ ነው፤ ሳይመሽ አደረቀልኝ።

እንደ ልማዴ የአባዬን ቤት በስልኬ ከፍቼ አየሁ። የሳሎኑ አምፖል በርቷል። የጓሮ በር ተዘግቷል። መኝታ ክፍል... «ምላሽ የለም» ይላል። ዘግቼ ከፈትኩት። ያው።

ይጁቤ፣ አባዬ ጋ ደወልኩ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።»

ውሸቴን ነው። የፈለግኩት መኝታ ክፍሉን ነበር።

ጥር 24

ጠዋት መጥቶ ነበር። ከሰዓት እንደገና ጠፋ። አሁን ደግሞ የመኝታ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት፣ ሲቸግራቸው የሚጫኑት መጥሪያም «ምላሽ የለም» ሆኗል። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ለምን እንደሚያስፈራኝ ለራሴም ጽፌው አላውቅም መሰለኝ። ባለፈው ክረምት አባዬ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ወደቁ። ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም። ዳሌያቸውን ተጎድተው መነሣት አቃታቸውና መሬት ላይ አደሩ። ያገኟቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፣ ሲነጋ። «ለምን አልተጣሩም?» ስላቸው «ሰው ተኝቷል ብዬ» አሉ። ሰው ተኝቷል ብዬ!

ወንድሜ ደመላሽ ያኔውኑ «ማርቆስ አንቺ ጋ ይግቡ» አለ። እሳቸው እምቢ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩት እዚያ ነው፤ የተማሪዎቹ ጎጆ በአጥራቸው ዙሪያ ነው። «ጉባኤዬን በትኜ ማርቆስ ላይ ግድግዳ ልዳስስ?» አሉ። ስንከራከር ቆይተን ደመላሽ ለገና ከአዲስ አበባ ካርቶን ሙሉ ዕቃ ይዞ መጣ። በስልክ የሚበራ አምፖል። በር ሲከፈት የሚናገር፣ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ። ካሜራ። መጥሪያው። ቀኑን ሙሉ ሲገጣጥም ውሎ አባዬ ፊት ቆሞ ፈረደ።

«ይኼ እስከሠራ ድረስ ይጁቤ ይቀመጣሉ። ካልሠራ ማርቆስ።»

«ይሁን» አሉ።

እንግዲህ ይኼ ነገር ዝም ካለ... ዝም የሚለው ዕቃው ብቻ አይደለም።

ጥር 25

እሑድ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ይጁቤ። አባዬ ከቅዳሴ አልተመለሱም። ቤቱን የከፈተችልኝ እትዬ የብርጓል ናት፣ ጎረቤታችን። እናታችን ከሞተች ጀምሮ የአባዬን ምግብ የምታበስለው፣ ነጠላቸውን የምታጥበው እሷ ናት። የራሷ ልጆች ቁይ ከተማ ተድረዋል።

የኢንተርኔት ጥቅሉን አየሁ፤ አላለቀም። ራውተሩን ነቀልኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ሰካሁ። አጠገቡ ያለችውን ነጭ ሣጥን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ሁሉንም ዕቃ አገናኝታ የምታዛቸው እሷ ናት። የብርጓል እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«ሕሊናዬ፣ ታሞ ነው?»

«ዕቃ አይታመምም እትዬ።»

«ኧረ ይታመማል! የኔ ሬዲዮ ዝናብ ሲመጣ ይታመማል።»

ትንሽ ቆይቶ አንድ በአንድ ተመለሱ። አምፖሉ፣ በሩ፣ መኝታ ክፍሉ፣ መጥሪያው። አባዬ መጥተው ሲጫኑት ስልኬ ጮኸ። ደስ አለኝ። አብረን ምሳ በላን። ማርቆስ እስክገባ ሁሉም ይሠራ ነበር።

ጥር 26

ጠፋ።

ጥር 29

ደመላሽ ደወለ። እሱም በስልኩ ያየዋል።

«ራውተሩን አጥፍተሽ አብርተሻል?»

«አዎ።»

«ነጯን ሣጥን?»

«እሷንም።»

«እንግዲያ መብራቱ ይሆናል። ሲቆራረጥ ዕቃው ይደናበራል። የባትሪ መጠባበቂያ እልክልሻለሁ። ሕሊና፣ በዚህ ካልተስተካከለ... ስምምነቱን ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ።

ለራሴ ብቻ የሚጻፍ ስለሆነ ልጻፈው። ይኼን ሲል ውስጤ የሆነ ነገር ደስ አለው። ከሥራ ስገባ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ቢኖር። ራት ላይ «በዪ እንጂ» የሚለኝ። አልተስተካከለም ብል ማን ያጣራብኛል? አባዬ ቃላቸውን አያጥፉም፤ ጓዛቸውን ሸክፈው ይመጣሉ... መጥተውስ? ማንን ሊያስተምሩ?

የካቲት 2

እሑድ። ባትሪውን ይዤ ሄድኩ። ገጥሜው ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። ጥሩ ፈተና ነው ብዬ ስልኬን አየሁ። ሁሉም ይሠራል። መብራት መጣ። አሁንም ይሠራል።

ደመላሽን በስልክ ይዤው ከክፍል ክፍል ዞርኩ። የፊተኛው ሳሎን ጭቃ ቤት ነው። የኋላው መኝታ ክፍል ግን አያታችን በድንጋይ የሠሩት ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ክንድ ያህላል።

«ሲግናሉ ድንጋዩን አያልፍም» አለኝ ደመላሽ። «ለዚህ ነው መተላለፊያው ላይ ነጭ ሶኬት የሰካሁት። ሣጥኗ ለሶኬቱ ትሰጠዋለች፣ ሶኬቱ ለመኝታ ክፍሉ ያቀብላል። ቅብብል ነው። ካሜራውም እዚያው ላይ ስለተሰካ አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ምን ይላል?»

«አረንጓዴ።»

«በቃ፣ ደህና ነው።»

ደህና ከሆነ ለምን ይጠፋል?

አባዬ ሁሉንም ይሰሙ ነበር። «ሲጠፋ ስልኩ ምን ብሎ ነው የሚነግራችሁ?» አሉ።

«‹ምላሽ የለም› ይላል። ሲብስ ደግሞ ‹ከመስመር ውጭ›» አልኳቸው።

«እኔን ነው?» ሳቁ። «ይኼን ሁሉ ዘመን በመስመር ኖሬ፣ በልጆቼ ስልክ ከመስመር ወጣሁ በይኛ!»

የብርጓል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሚኒባስ ውስጥ ግን አልሳቅኩም።

የካቲት 3

ጠፋ።

የካቲት 6

በሽተኛ በማይኖርበት ጊዜ ሁሉ ስልኬን ሳይ ሰነበትኩ። አብራኝ የምትሠራው ሔዋን «ፍቅረኛ ያዝሽ እንዴ?» አለችኝ። የአባቴ ሶኬት ነው እላታለሁ?

ግን አንድ ነገር አየሁ። ማለዳ ይጠፋል። አርፍዶ ማንም ሳይነካው ይመጣል። ወደ ማታ ተማሪዎቹ ቅኔ ይዘው በሚመጡበት ሰዓት ይጠፋል። ከዚያ ይመጣል። እሑድ ደግሞ አይጠፋም! ሁለቴ ስሄድ ሁለቴም እሑድ ነበር። ለዚህ ነው ያልያዝኩት።

ብልሽት ሰዓት አይጠብቅም። እሑድን አያከብርም። ሰው ነው።

የብርጓል ጋ ደወልኩ። እየፈራሁ። ትቆጣለች ብዬ።

«እትዬ፣ መተላለፊያው ላይ ያለውን ሶኬት... ስትጠርጊ ምናልባት...»

«እኔ? እንኳን ልነካው፣ በአጠገቡ ሳልፍ ነጠላዬን ሰብስቤ ነው!»

እንግዲያ ማን?

የካቲት 11

ከሔዋን ጋር ተራ ተቀያይሬ ይጁቤ ሄድኩ። ማክሰኞ ነው። እመጣለሁ አላልኩም። አባዬ ድምፄን ሲሰሙ «በደህና ነው?» ብለው ደነገጡ። በደህና ነው አልኩ።

ወደ ማታ ላይ ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ። ከተማሪዎቹ ትልቁ ዲያቆን ዘመንፈስቅዱስ ነው፤ ጢም ያወጣ ሰው ነው፣ ሌሎቹን የሚያስቀጽለውም፣ የኔታን ወክሎ የሚያስጠናውም እሱ ነው። «የኔታ፣ እንግባ?» አለ።

«ቆዩ» አሉ አባዬ።

ተነሡ። በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ መተላለፊያው ሄዱ። ጎንበስ አሉ። ሶኬቱን ከነካሜራው ነቅለው ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዙረው አስቀመጡት። ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«በሉ፣ አንድ አንድ እያላችሁ።»

ስልኬን አየሁ። ምላሽ የለም። እሑድ የማይጠፋው ለካ ጉባኤ ስለሌለ ነው።

ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ሶኬቱን ለምን ይነቅሉታል?»

ሊደብቁኝ አልሞከሩም። «ዓይን አለው ብሎኛል ደመላሽ። አዲስ አበባ ሆኖ ያየኛል፣ ይሰማኛል። ይየኝ፣ ልጄ ነው። ስበላም ይየኝ፣ ስተኛም ይየኝ። ስጸልይ ግን... ሰው እያየኝ ስጸልይ፣ ለሰው የምጸልይ ይመስለኛል።»

«ማታስ?»

«ማታ የራሴ አይደለም። ተማሪው ያልበሰለ ቅኔ ይዞ ይመጣል። ይሳሳታል፣ ያፍራል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። እኔ ፊት ነው ማልቀስ ያለበት። ሦስተኛ ጆሮ ካለ ይፈራል። የፈራ ልጅ ደግሞ የሰው ቅኔ ይሰርቃል እንጂ የራሱ አይወጣለትም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠየቅሽኝ?»

ራውተሩን መርምሬአለሁ። ነጯን ሣጥን፣ ባትሪውን፣ ግድግዳውን መርምሬአለሁ። የብርጓልን እንኳ ጠይቄአለሁ። ቤቱ የማን ነው ታዲያ?

«አባዬ፣ የአንገትዎ መጥሪያም በዚያ ሶኬት በኩል ነው የሚሄደው። ሲነቅሉት እሱም ይሞታል።»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። መጥሪያውን ከማዕተባቸው ለይተው ያዙት።

«ስጸልይ ብወድቅ ኖሮ...»

«አንሰማም ነበር።»

«ይኼን ማን ነገረኝ?»

ማንም። ደመላሽ የነገረን ለእኔና ለእሱ ነው። ለሳቸው «እዚህ ጋ ይጫኑ» ብቻ ነው ያላቸው።

ካሜራውን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት፣ ባዶውን። አባዬ እጃቸውን ላኩና ዳሰሱት። «ዓይኑ ወጣ?» አሉ። ወጣ አልኳቸው። አብረን መጥሪያውን ሞከርነው። ጮኸ።

የካቲት 12

ማርቆስ። ለደመላሽ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ካሜራውን እንዳነሣሁ ስነግረው ግን ሳቁ ቆመ።

«ዋናው እሱ እኮ ነው! ካሜራ ከሌለ ምን እያደረጉ እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

«ደውለን።»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ ሕሊና። እንዳንቺ ቅርብ አይደለሁም። ስብሰባ መሀል ስልኬን ከፍቼ... ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠው ሳያቸው ነው ልቤ የሚያርፈው።»

ይኼን ነግሮኝ አያውቅም። ንዴቴ ወዲያው በረደ።

«ይኸንኑ ለሳቸው ንገራቸው» አልኩት።

ዘጋው። ተቆጥቶ ይሁን አልገባኝም።

የካቲት 15

አባዬ ጋ ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ቆይቼ ደወልኩ። ተይዟል። ልብሴን ልለብስ ምንም አልቀረኝም... ሦስተኛው ላይ አነሡ።

«ከደመላሽ ጋር ነበርኩ።»

«ይኼን ሁሉ ሰዓት? ስለምን?»

«ስለ ልጅነቱ። በሬ የወጋው ጊዜ ማን እንደተሸከመው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ረስቶታል።»

የካቲት 23

ጾም ገብቷል። ዕቃዎቹ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ጊዜ አልጠፉም።

መጋቢት 9

ደመላሽ በየማታው ይደውልላቸዋል አሉ። እኔ ስደውል መስመሩ ይያዛል። ቀናሁ እንዴ? ትንሽ።

መጋቢት 18

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ከሰዓት። አንዲት ሴትዮ ደም ግፊት እየለካሁ ስልኬ ጮኸ። ያ ድምፅ። ከሙከራ በቀር ሰምቼው የማላውቀው። ሴትዮዋን ክንዷ ላይ እንደታሰረላት ትቻት ወጣሁ። ደወልኩ። አነሡ!

«አባዬ! ወደቁ?»

«እኔ አይደለሁም። የብርጓል ናት።» ይተነፍሳሉ፣ በኃይል። «ማድጋ ሲሰበር ሰማሁ። ተጣራሁ፣ አትመልስም። ዳስሼ አገኘኋት። ጓዳ ወድቃለች። ሰው የለም፣ ተማሪዎቹ ወጥተዋል። ጮህኩ፣ ማንም አልሰማኝ። ይኼን ተጫንኩት።»

«ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች።»

«ግንባሯን ይንኩት።»

«እርጥብ ነው። በላብ ተጠምቃለች። ግን ቀዝቃዛ ናት።»

የብርጓል ስኳር እንዳለባት አውቃለሁ። የኢንሱሊን መርፌ ትወጋለች። ጾም ነው። ሰዓቱን አየሁና ገባኝ፤ ወግታ ሳትበላ ስኳሯ ወርዷል።

«አባዬ፣ ማር አለ ቤት?»

«አለ።»

«በጎኗ ያስተኟት። ምንም እንዳያጠጧት፣ ያንቃታል። ጣትዎን ማር ይንከሩና ጉንጯን ከውስጥ በኩል ይቀቡላት። ትንሽ ትንሽ። ስልኩን አይዝጉ፣ መሬት ላይ ያስቀምጡት።»

ሔዋን በራሷ ስልክ ይጁቤ ጤና ጣቢያ ደወለች። እኔ አንድ ጆሮዬን ደፍኜ የሳቸውን እሰማለሁ። ጋቢያቸው ሲጎተት። ክዳን ሲከፈት። «በስመ አብ...» ሲሉ። ዓይናቸው እኮ አያይም። በጣታቸው ነው አፏን የሚፈልጉት...

«አባዬ?»

«እየቀባሁ ነው።»

ቆየ።

«አባዬ?»

«ጣቴን ላሰችው» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ሕሊና፣ ጣቴን ላሰችው።»

የጤና ጣቢያው ሰዎች በባጃጅ ደረሱ፤ በሩ ሲከፈት ስልኬም ነገረኝ። ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ክንዷ ላይ የታሰረውን ይዛ ወጥታ «አይዞሽ እህቴ» አለችኝ።

መጋቢት 19

ይጁቤ። የብርጓል ጤና ጣቢያ አድራ ወጥታለች። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በሀፍረት አየችኝ።

«መርፌውን ወግተሽ እስከ ማታ ሳትበዪ?»

«መርፌውን ሐኪም አዘዘኝ። ጾሙን እግዚአብሔር። የማንን ልተው?»

መቆጣት ፈለግኩ፣ ሳቄ መጣ። አባዬ ግን አልሳቁም። «የታመመ ሰው እንዲበላ ያዘዘም እሱ ነው» አሏት። «ነገ ንስሐ አባትሽ ጋ አብረን እንሄዳለን። ከአፋቸው ትሰሚያለሽ።»

«እርስዎ ካሉ በቃኝ መሪጌታ።»

«እኔ ማለቴ ቢበቃሽማ እስካሁን አትጾሚም ነበር።»

ደመላሽ ማታ ደወለልኝ። «መጥሪያው ሲጮህ እኔም ስብሰባ ጥዬ ወጥቼ ነበር» አለ። «መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ ወደዚያ ልነዳ። ከዚያ ‹እኔ አይደለሁም› አሉሽ አሉ... ለየብርጓልም አንድ መጥሪያ ልላክ። የቤቷ ግድግዳ ምንድን ነው?»

«ጭቃ። መጀመሪያ ግን ትፈልግ እንደሆነ እሷን እጠይቃታለሁ።»

«ጠይቂያት» አለ።

ሚያዝያ 3

የብርጓል እሺ አለች። ግን ማዕተቧ ጋ አላንጠለጥልም ብላ መቀነቷ ላይ አሰረችው። ጠዋት ተነሥታ ትጫነዋለች፣ አባዬ ጋ ይጮሃል፣ እሳቸው «በላሽ?» ይሏታል። ማንም አላዘዛቸውም።

ሚያዝያ 22

ትናንት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አባዬ ናቸው! በአንድ እጃቸው ዘንግ፣ በሌላው የዲያቆን ዘመንፈስቅዱስን ክንድ ይዘው። ነጭ ለብሰዋል።

«አባዬ! ምን ሆኑ? ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን እሆናለሁ? ልጠይቅሽ መጣሁ። ለፋሲካ አንቺ መጣሽ፣ ለዳግም ትንሣኤ ደግሞ እኔ ልምጣ ብዬ አሰብኩ። ቀን አለፈብኝ እንጂ።»

እዚህ የገቡት ቤቱን ከተከራየሁ ወዲህ ገና አሁን ነው። «ማርቆስ» ማለት ለሳቸው ፍርድ ሆኖባቸው ነበር መሰለኝ። ቤቱን በእጃቸው ዞሩት። አልጋውን፣ ምድጃውን፣ መስኮቱን። «ጥሩ ቤት ነው። ነፋስ ይገባዋል» አሉ። የበዓሉ ዶሮ ወጥ ገና አላለቀም ነበር፣ አሞቅኩላቸው። እሳቸው እንደ እንግዳ ከፍ ብለው ተቀመጡ፤ እኔም እንደ እንግዳ አጎረስኳቸው። ሔዋን መጥታ ተዋወቀቻቸው። በስሟ ተቀኙላትና ስትስቅ ቆየች። ግማሹ አልገባትም፤ እኔም ብሆን።

አደሩ። ዛሬ ጠዋት «ዋሉ እንጂ» አልኳቸው። ተማሪ ይጠብቀኛል አሉ። ሁለተኛ አልለመንኩም። ሳልለምን መቅረቴ ገረመኝ፤ አልከፋኝም።

መነኸሪያ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ከዲያቆኑ ጋር ከፊት አስቀመጥኳቸው። መስቀል ባይኖራቸውም በእጃቸው ግንባሬን ባረኩኝ። ሚኒባሱ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ። ገበያ ገብቼ ሽንኩርት ገዛሁ፣ እቤት ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅኩ።

ስልኬ ጠራ። አባዬ። እሳቸው ደውለው አያውቁም፤ ሁሌም የምደውለው እኔ ነኝ።

«ገባሁ ልጄ።»

«እንኳን ደህና ገቡ።»

«አንቺስ? በደህና ገባሽ?»

ከመነኸሪያ እስከዚህ እኮ ቅርብ ነው። ልስቅ ነበር። ግን ሰው ይኼን ከጠየቀኝ ስንት ጊዜ ሆነው...

«ገባሁ አባዬ» አልኩ። «በደህና ገባሁ።»